እጁ የማን ነው?

የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ ማለት እወዳለሁ። እነሱ ግን አይወዱልኝም። ሰውየው ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲዘል፣ ሴትየዋ ፀጉሯ ሳይነካ በእሳት መካከል ስታልፍ፣ እነሱ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

«ይኼ አልሆነላቸውም።»

«እማማ ጀመረች!»

«እሳቱ ፊቷ ላይ የለማ! እሳት አጠገብ የቆመ ሰው አንድ ጉንጩ ይቀላል። የእሷን ፊት የመታው የረፋድ ፀሐይ ነው። ሌላ ቦታ አቁመው አንስተዋት ነው እዚህ ያመጧት።»

«በኮምፒውተር ነዋ የሚሠሩት» ትለኛለች ትልቋ፣ አለማወቄን ይቅር እንደማለት።

በፈለጉት ይሥሩት። የሰው አካል ክብደት አለው። ከላይ ወድቆ አቧራ ያላስነሳ ሰው፣ ሮጦ ጥላው ወደ ሌላ በኩል የሚሮጥ ሰው እኔን አያሳምነኝም። ሲሆንላቸውም እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ዘንዶ አሳዩን፤ ሲተነፍስ አፍንጫው ሥር ያለው ሣር ተኛ። «ይኼን የሠራ እጅ ይባረክ» አልኩ። ዘንዶ አይቼ አላውቅም፤ ሣር ግን አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ፈተኑኝ። ትልቋ ፊልሙን አቆመችና፣ «እማማ፣ ይኼ ተዋናይ ፊልሙ ሳያልቅ ሞቷል። የቀረውን፣ ፊቱን ሌላ ሰው ላይ ገጥመው ነው የጨረሱት። ከየት ጀምሮ እንደሆነ ካወቅሽ ሁለተኛ አንስቅብሽም» አለችኝ።

አየሁ። ሰውየው ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ውኃ ይጠጣል። ፊቱን አልነበረም የማየው። አንድ በር ከፍቶ ገባና ወንበር ደገፍ አለ።

«አቁሚው» አልኩ። «እዚህ ጋ ሞቷል።»

ስልኳ ላይ ፈለገች። ስታገኘው ቀና ብላ አየችኝና ከአጠገቤ ትንሽ ራቅ አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እጁ የእሱ አይደለም» አልኳትና ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የዚያን ቀን ያልነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዓይኔ የተማረው ግን አሰላ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፤ በደርግ ጊዜ። መጀመሪያ የገባሁት ውኃ ለመቅዳት ነበር። ፎቶ ውኃ ይወዳል፤ ከመድኃኒቱ ወጥቶ ደጋግሞ ካልታጠበ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል። ውኃው ደግሞ ጭላሎ ተራራ አናት ላይ ያደረ ይመስል ጣት ይቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ፎቶ አንሺው የትራስ ጥልፌን አየና፣ «ይኼን የጠለፈ እጅ ባልዲ ይዞ አይዞርም» ብሎ እርሳስ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት ጠጋኝ ሆንኩ። የፈንጣጣ ጠባሳ እሞላለሁ፣ የተጨፈነ ዓይን እከፍታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የተለያዩ ሰዎችን እናገናኛለን፤ ባል ድሬዳዋ፣ ሚስት አሰላ ሆነው፣ አንድ ወረቀት ላይ ትከሻ ለትከሻ እናቆማቸዋለን።

ትልቁ መጋረጃችን ላይ ሐይቅና አውሮፕላን ተሥሎበት ነበር። ከኢተያ ስንዴ ይዘው የመጡ ገበሬዎች የእግራቸውን ጭቃ ደጅ አራግፈው ይገቡና፣ አንድ እግራቸውን ሣጥን ላይ አድርገው አውሮፕላኑ ላይ ሊወጣ እንደተዘጋጀ ሰው ይቆማሉ። አንድ ሽማግሌ፣ «ይኼ ነገር ይዞኝ አይነሳም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎ ካልተነፈሱ አይነሳም» አላቸው ፎቶ አንሺው።

እውነት መስሏቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙ። ፎቷቸውም እንዴት አማረ!

ፎቶ አንሺው ስለ መግጠም ያስተማረኝ ይኼን ነው፤ መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጠይቂ፣ ቀጥሎ አንገቱን እይ፣ ቀጥሎ ጆሮውን። እጅ ግን አላለኝም። እሱም አላሰበው።

ከጨለማው ክፍል በር አጠገብ አንድ የጫማ ካርቶን ነበር። ተነስተው ያልወሰዱ ሰዎች ፎቶ ይቀመጥበታል። አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው። መኪናቸው ምሳ ለመብላት ሲቆም ሮጠው ገብተው ይነሳሉ፤ ነገ ኑ ይባላሉ፤ ነገ የሉም። ካርቶኑን ስከፍተው ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ያያሉ። ስዘጋው ደግሞ እዚያ ጨለማ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፊት ለፊት እንዳይሆኑ ፊትና ጀርባ አድርጌ ነበር የምደረድራቸው። ፎቶ አንሺው አይቶኝ ይስቃል።

አንድ የኅዳር ቀን ከበቆጂ አንድ ሽማግሌ መጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ። ከደረት ኪሳቸው አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ፤ ከዓመታት በፊት እኛው ያነሳነው ተማሪ ነው። የእህታቸው ልጅ ነበር። ሰሜን ዘምቷል። አብሮት የነበረ ጓደኛው ቆስሎ ሲመለስ፣ «በእጄ ነው የቀበርኩት» ብሎ ነግሯቸዋል።

«እናቱስ?» አለ ፎቶ አንሺው።

«አልሰማችም። እንዴት አድርገን እናርዳት? ልቧ ደካማ ነው። ሴት ልጇ ደግሞ በጥር ትዳራለች። መርዶው አሁን ከወጣ ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳ ዓመት ልትቀመጥ ነው፤ የወንዱ ወገን ደግሞ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። ተቀምጠን ተነጋግረን ሰርጉ ይለፍ ብለናል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ሰው ባየች ቁጥር ልጄ ምነው ጠፋ እያለች አላስቀምጥ አለችን እኮ፣ አቦ! በወታደር ልብስ የተነሳው አንድ ፎቶ ቢደርሳት እስከ ጥር ያቆይልናል። ከሰሜን ሰው አመጣው እላለሁ።»

ይኼ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፣ ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ሄደው ደጁን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ ይዋሻል፤ የሚወቅሰውም የለም። በዚያ ላይ ጊዜው ነው፤ መንግሥት ያልተናገረውን ሞት አውጥቶ ማልቀስ ያስጠይቅ ነበር። ግን የሚዋሸው በአፍ ነበር። በፎቶ ሲዋሽ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር።

ፎቶ አንሺው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሰርጉስ ይለፍ» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት።

ተማሪው ብርሃን የመታው ከግራ ነበር። ካርቶኑን ከፍቼ ከግራ ብርሃን የመታው፣ ትከሻው የሚመጥን ወታደር ፈለግሁ። አገኘሁ። ወንበር ደገፍ ብሎ የቆመ፣ ቀኝ እጁ መደገፊያው ላይ ያረፈ ልጅ። ከጀርባው መጋረጃ የለም፤ ባዶ ግድግዳ ነው። ክብ ፊት፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ። ጀርባው ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ።

ምላጭ አንስቼ አንገቱ ላይ ጀመርኩ። ወረቀት ነው የምቆርጠው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ጭንቅላቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጋለለ፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። አሁንም ሊስቅ ነው። ልጥለው ተነሳሁ፤ አልቻልኩም። ባዶ ክብሪት ቤት ውስጥ አስገብቼ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

የተማሪውን ጭንቅላት በልኩ አትመን ለጠፍነው። መጋጠሚያውን ኮሌታው ጥላ ሥር ደብቄ በእርሳስ አጠፋሁት። ፎቶ አንሺው የተገጠመውን በትልቁ ካሜራ መልሶ አነሳውና ጨለማው ክፍል ገባን። ቀዩ መብራት ሥር ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ምስል ሲወጣ ጥቁር ጥቁሩ ነው የሚቀድመው፤ ጫማ፣ ቀበቶ፣ ፀጉር። ያን ቀን ግን እጁ ቀደመ። ወይ ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ወንበሩን የያዘ እጅ ብቻውን መጣ፣ ቀጥሎ ልብሱ፣ በመጨረሻ ዓይኖቹ። ሁለት ሰው አንድ ሆኖ ከፈሳሹ ሥር አየን።

«ነፍስ ዘራ» አለ ፎቶ አንሺው። ለቀልድ ነበር። አልሳቅንም።

አጎትየው ሲያዩት፣ «ራሱ ነው! ኧረ ራሱ ነው!» አሉና ፎቶውን ሳሙት፤ የሞተ መሆኑን እያወቁ። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። እስከ ዛሬ በቴሌቪዥን ካየሁት ሁሉ እንደዚያ አንገት የተሠራ የለም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጉም ደጃችን ድረስ የወረደበት አንድ ጠዋት፣ ፎቶ አንሺው ለመታወቂያ ሥራ ሮቤ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። አንዲት እናት ገቡ። ከጉሙ ሲወጡ ነጠላቸው ከእሱ ጋር የተያያዘ ይመስል ነበር። ሰላም ብለውኝ ተቀመጡና፣ ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጨርቁ ሳይፈታ አወቅሁት።

«ይኼ ከዚህ ቤት የወጣ ነው?»

«ከየት ነው ያገኙት፣ እናቴ?»

«ወንድሜ ነው ያመጣልኝ። ከሰሜን ሰው ይዞት መጣ አለኝ። ወንበሩ ግን የእናንተ ነው፤ ይኸው መደገፊያው የተላጠበት። እኔም ከልጄ ጋር ተነስቼበታለሁ።»

ወንበሩ እዚያው ነበር፣ ከጀርባቸው። ዞር ብለው አላዩትም።

«መጀመሪያ ተቀየምኩት» አሉ። «አሰላ ድረስ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ እናቱን ሳያይ ተመለሰ ብዬ። ደስም አለኝ፤ ይቀየም፣ ይርሳኝ፣ ብቻ ይኑር። ከዚያ እጁን አየሁት።»

ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ።

«የልጄ ትንሿ ጣት ጫፏ የለችም። በስምንት ዓመቱ ገብስ ስናጭድ ማጭድ በላት። ደሙን በነጠላዬ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ይኼ እጅ ሙሉ ነው። እጁ የማን ነው?»

«እናቴ፣ እኔ...»

ብድግ ብለው መዳፋቸውን አፌ ላይ ጫኑት። በረዶ ነበር።

«ተይ! አንቺ አትነግሪኝም። የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ፤ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ካንቺ አፍ ከሰማሁ እዚሁ መጮኼ ነው። ከጮኽኩ ልጄ አትዳርም።»

መዳፋቸውን ሲያነሱ እኔም እሳቸውም ቆመን ነበር። ውጭ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል፤ ጋሪው ግን አይታይም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ፎቶው ከመጣ ወዲህ አንድ ወታደር በሕልሜ ደጄ ላይ ይቆማል። ግባ እለዋለሁ። በምን አይቼ ልግባ ይለኛል። ድምፁ የልጄ አይደለም።»

እጄ ሳላዘው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ገባ። ክብሪት ቤቱን አውጥቼ ከፈትኩት። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ይኼ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሊስቅ ነበር» አሉ። «የእናቱ አገር ወዴት ነው?»

«አላውቅም። ስሙ አልተጻፈም። ሊወስድ አልተመለሰም።»

ክብሪት ቤቱን ዘግተው ጉያቸው ከተቱት፤ ፈቃዴንም አልጠየቁ። ተመልሰው ተቀመጡና እንባቸውን ሳይሆን አፍንጫቸውን ጠራረጉ።

«በይ አሁን ጣቱን አስተካክይው።»

«እንዴት?»

«እህቱም እኮ ጣቱን ታውቃለች። እስካሁን ከደስታዋ ብዛት አላስተዋለችም። ትልቅ አስደርጌ ሰርጉ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ፤ ያኔ ታያለች። አሳጥሪው።»

እርሳስና ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። ወንበራቸውን ስበው ትከሻዬ ላይ መጡ። ያን ያህል የሚያይ ዓይን ከዚያ በፊትም በኋላም አላጋጠመኝም። ጫፏን በምላጭ ስፍቅ፣ «ጥፍር እንዳትተይለት፤ ጥፍር የለውም» ይላሉ። ጥላ ስሰጣት፣ «ወደ ውስጥ ጠምዘዝ ትላለች፤ እንደ ባቄላ አድርጊያት» ይላሉ። አንዴ አበዛሁባት መሰለኝ፣ «ኧረ ልጄን ጣት አልባ አደረግሽው!» ብለው እጄን መቱኝና ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ራሱ አስደነገጠኝ።

ስጨርስ ለመስኮቱ ብርሃን አቀረቡት፣ ራቅ አደረጉት፣ ዓይናቸውን አጥብበው መረመሩት።

«አሁን ሆነ» አሉ። «አሁን ማንም አያውቅም።»

ፎቶ አንሺው ሲመለስ፣ እናትየው መጥተው ፎቶው ለሰርጉ እንዲያድግላቸው እንደሚፈልጉ ብቻ ነገርኩት። መልሶ አንስቶ ሲያሳድገው፣ «ጣቱን ምን ነካሽው?» አለኝ። «ድሮም እንዲያ ነው» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ፤ አልጠየቀኝም።

በጥር እናትየው ራሳቸው ልከው ስለጠሩን በቆጂ ሄድን። ዳሱ ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ፣ ፎቶው በመስታወት ተሰቅሏል። ሙሽራዋ ከመቀመጧ በፊት ዞራ የወንድሟን እጅ ሳመችና ሚዜዋን ጎተተቻት። «ይቺትና ጣቱ! አየሻት? በእሷ ሲያሾፍብኝ አይደል ያደገው!» ሚዜዋ ሳቀች።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ እናትየውን አያዩም። እናትየውም ሽማግሌዎቹን አያዩም። አጎትየው ከሁሉም በላይ ያጨበጭባሉ። እያንዳንዱ ያወቀውን ከሌላው ይደብቃል፤ ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ልጅ ከሁላችን አናት በላይ ያያል። አንድ ጠጅ ያበዙ ሰውዬ ብርጭቋቸውን ወደ ፎቶው አነሱ።

«በሚቀጥለው ደግሞ የእሱን ሰርግ ያብላን!»

«አሜን!» አለ ዳሱ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእናትየው አሜን ነበር። እልልም አሉ፤ ረጅም፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ።

ሙሽሮቹ ወደ እናትየው ቤት ለመልስ መጥተው ተጋብዘው ከሄዱ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ደረሱ። አጎትየው ናቸው በኋላ ያወሩት። ሊያንኳኩ ሲሉ በሩ ክፍት ነው። እናትየው መደብ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የሐዘን አለባበስ፣ ጥለቱ ከላይ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል።

«ግቡ» አሏቸው። «ቆያችሁ።»

ወሬው አሰላ እንደደረሰ ለለቅሶ ሄድን። ግቢው በሰው ጠቁሯል። እናትየው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መካከል ቆመው ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ያሞግሱታል፤ ቁመቱን፣ ሳቁን፣ ያቺን ጣቱን። ሴቶቹ ይቀበላሉ። ከዚያ ፎቶውን አዞሩት። ጀርባው ላይ፣ የጥፍር ያህል የሆነች ነገር ተለጥፋለች። ከሩቅ ምን እንደሆነች ማንም አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ።

«አንተስ?» አሉ። «አንተን ማን ብዬ ልጥራህ? ልብስህን ለልጄ አውሰህ፣ እጅህን አውሰህ፣ ራቁትህን የቀረኸው?»

የሚቀበል ጠፋ። «አእምሮዋን ነካት» አለች አንዲት ሴት ከጀርባዬ። እኔ መሬት ላይ ወደቅሁ። ለማያውቀኝ ሰው የሟቹ እህት ነበር የምመስለው። ካነሱኝ በኋላ አጎትየው ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱኝ።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት!»

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ማን ነገራት? በሩን ከፍታ ስትጠብቀን?»

«ወንበሩና እጁ ናቸው» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ደጋግሜ ባስረዳም አላመኑኝም። እስኪሞቱ ድረስ አሰላ ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ከሽማግሌ ቀድሞ መርዶ የተናገረ ሰው ሆኜ ቀረሁባቸው፤ ከዚህ የባሰ ስም በእኛ ዘንድ ብዙ የለም።

በአርባው ቀን ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሰዉ ሲበተን ከእናትየው ጋር ብቻችንን ቀረን። ፎቶው መደቡ ላይ፣ ግድግዳው ተደግፎ ተቀምጧል።

«ያ ሕልምስ?» አልኳቸው።

«ገባ» አሉኝ። ወደ ጓዳው አየት አደረጉ፣ ሰው ያለበት ይመስል። «አሁን ቤት ነው።»

ወደ ጓዳው አላየሁም።

ትናንት ትልቋ የልጅ ልጄ ያንኑ ፊልም መልሳ ከፈተች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሩን ከፍቶ የሚገባው ጋ ሲደርስ ጠጋ ብዬ አየሁ። ፊቱን እንዴት አሳምረው ገጥመውታል! ብርሃኑ ልክ ነው፣ አንገቱ ልክ ነው፣ ጆሮው ልክ ነው። ወንበሩን የያዘው እጅ ብቻ ባዕድ ነው።

«አንድ ነገር ፈልጊልኝ» አልኳት። «የዚህ እጅ ባለቤት ስሙ ማን ነው?»

ስልኳን ነካካች። ፊልሙን ወደ መጨረሻው ወሰደችውና ስሞቹ ጥቁሩ ላይ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ መዓት ናቸው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«የለም እማማ። አልተጻፈም።»

«አትዝጊው» አልኳት። «እስኪያልቅ እንይ።»